ኤፒ የሥነ ጥበብና ዲዛይን ትምህርት

ኤፒ የሥነ ጥበብና ዲዛይን (በአገሩ አጠራር «ኤፒ አርት ኤንድ ዲዛይን») በአሜሪካ ለሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች የሚሰጥ፣ በኮሌጅ መግቢያ ደረጃ የተዘጋጀ የዕይታ ጥበብ ትምህርት ነው። የሚያስተዳድረው ኮሌጅ ቦርድ የተባለ ለትርፍ ያልቆመ ድርጅት ሲሆን፣ ኤፒ የሚባለውን መርሐ ግብር በጠቅላላ ከ1955 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ይመራል። የሥነ ጥበቡ ትምህርት እስከ 2019 እ.ኤ.አ. ድረስ «ስቱዲዮ አርት» በሚል ስም ይታወቅ ነበር።

ከአብዛኞቹ የኤፒ ትምህርቶች የሚለየው የፈተና ወረቀት ስለሌለው ነው። ተማሪው በሚያዝያ ማብቂያ ገደማ (በሜይ ወር መጀመሪያ) ፖርትፎሊዮ፣ ማለትም የሥራዎቹን ስብስብ፣ ያስገባል። ስብስቡ እንደ ሌሎቹ ፈተናዎች ከ1 እስከ 5 ነጥብ ይሰጠዋል።

ሦስቱ ዘርፎች

ተማሪው ከሦስት ዘርፎች ይመርጣል፦ ንድፍ (ድሮዊንግ)፣ ባለ ሁለት አውታር ጥበብ እና ባለ ሦስት አውታር ጥበብ። ባለ ሦስት አውታሩ ቅርጻ ቅርጽን፣ ሸክላን፣ የሕንፃ ሞዴልን፣ ጌጣ ጌጥንና የልብስ ዲዛይንን ይይዛል። በቀሩት በሁለቱ መካከል ያለው ድንበር ግን ብዙ ጊዜ ያደናግራል። አንድ የቀለም ሥዕል ለሁለቱም ሊስማማ ይችላል፤ ልዩነቱ ዳኛው በሚፈልገው ነገር ላይ ነው። በንድፍ ዘርፍ የሚታየው መስመሩ፣ የእጅ ምልክቱ፣ ብርሃንና ጥላው ነው። በባለ ሁለት አውታሩ ግን ሚዛን፣ ድግግሞሽ፣ ንፅፅርና የመሳሰሉት የዲዛይን መርሆች ይመዘናሉ። ፎቶግራፍና ግራፊክ ዲዛይን በአመዛኙ የሚገቡት እዚህ ነው። የቪዲዮ ሥራ አይቀበሉም፤ ከቪዲዮ የተወሰደ ቋሚ ምስል ግን ይቻላል።

የስብስቡ ይዘት

ፖርትፎሊዮው ሁለት ክፍል አለው። «የተመረጡ ሥራዎች» የሚባለው ክፍል የተማሪውን ምርጥ 5 ሥራዎች ይይዛል፤ ከጠቅላላው ውጤትም 40 በመቶውን ይወስዳል። ቀሪውን 60 በመቶ የሚወስደው «ተከታታይ ምርመራ» የተባለው ክፍል ሲሆን 15 ምስሎች ይጠየቁበታል። ከእነዚህ ውስጥ ያለቀ ሥራ ብቻ ሳይሆን የሙከራ፣ የእርማትና የአሠራር ሂደት ፎቶግራፎችም ሊካተቱ ይችላሉ። በ2020 እ.ኤ.አ. በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት ትምህርት ቤቶች ሲዘጉ የምስሎቹ ቁጥር ወደ 10፣ የተመረጡት ሥራዎች ደግሞ ወደ 3 ዝቅ ብለው ነበር።

የምርመራው መነሻ ተማሪው ራሱ የሚያነሳው ጥያቄ ነው። እዚህ ላይ ብዙዎች ይሰናከላሉ፤ ርዕስና ጥያቄ አንድ ይመስላቸዋልና። በቨርጂኒያ የምትኖር አንዲት የኢትዮጵያውያን ልጅ «የኢትዮጵያ ባህል» ብላ ብትጀምር፣ ያላት ርዕስ ነው፤ ቡና፣ ሰንደቅ ዓላማና አክሱም ተራ በተራ ይሳሉና ምርመራው ከቆመበት ፈቀቅ አይልም። «የአያቴ መሶብ የተሰፋበት የጥምጥም ስፌት፣ በአክርማና በስንደዶ ፈንታ በሽቦና በጋዜጣ ቢሠራ ቅርጹ እስከ ምን ድረስ ይጸናል?» ብላ ብትነሳ ግን እያንዳንዱ ሙከራ ቀጣዩን ይወልዳል። ሽቦው ይጎብጣል፣ ጋዜጣው ይቀደዳል፣ እሷም ዘዴዋን ትለውጣለች። የሚፈለገውም ይኸው ለውጥ ነው።

ዳኞቹ የሁለተኛ ደረጃና የኮሌጅ የሥነ ጥበብ መምህራን ናቸው። የምርመራውን ክፍል በአራት መስፈርቶች ያያሉ፦ ጥያቄው ሥራዎቹን መምራቱ፣ ልምምድ፣ ሙከራና እርማት መታየቱ፣ ቁሳቁስ፣ አሠራርና ሐሳብ መዋሐዳቸው፣ በመጨረሻም የእጅ ሙያው። ተማሪው ከምስሎቹ ጋር አጭር ጽሑፍ ያያይዛል። ጥያቄውንና የሥራውን ሂደት የሚያስረዱት ሁለቱ ጽሑፎች እያንዳንዳቸው ከ600 ፊደላት (ክፍት ቦታ ጭምር) መብለጥ የለባቸውም።

ይህ አመዛዘን ክርክር ያስነሳል። እጃቸው የተባ ተማሪዎች፣ እያንዳንዱ ሥዕላቸው ውብ ሆኖ ሳለ፣ ሥራዎቹን የሚያያይዝ ጥያቄ ስላጡ ነጥብ ሊያጡ ይችላሉ። በሌላ በኩል ሥዕሎቹን ጨርሶ ጥያቄውን ኋላ የሚፈልግም አይጠፋም፤ እንዲህ ያለው ስብስብ እርማት የታየበት ምስል ስለሚያንሰው ብዙ ጊዜ ይጋለጣል።

የሌላ ሰው ፎቶግራፍ ወይም ሥዕል መነሻ ማድረግ የሚቻለው ተማሪው ጉልህ ለውጥ ካደረገበት ብቻ ነው። በሰው ሠራሽ አስተውሎት (ኤአይ) መጠቀም በየትኛውም የሥራው ደረጃ ክልክል ነው።

ወጪና ጥቅም

የፈተናው ክፍያ ወደ 100 ዶላር ገደማ ሲሆን ዝቅተኛ ገቢ ላላቸው ቤተሰቦች ቅናሽ አለ። ከክፍያው ይልቅ ልዩነት የሚፈጥረው የቀለም፣ የሸክላ ምድጃና የጥሩ ፎቶግራፍ ጉዳይ ነው። ቀደም ሲል የንድፍና የባለ ሁለት አውታር ተማሪዎች 5ቱን ምርጥ ሥራዎች ራሳቸውን ይልኩ ነበር፤ መጠናቸውም 18 በ24 ኢንች ድረስ ነበር። በፎቶ የሚዳኝ ሥራ ግን ብርሃኑ ከተበላሸ ቀለሙም አብሮ ይበላሻል። ብዙ መምህራን በደመናማ ቀን፣ ከቤት ውጭ፣ ጥላ በሌለበት ማንሳትን ይመክራሉ፤ ለዚህ የእጅ ስልክ ይበቃል።

ነጥቡ የኮሌጅ ክሬዲት ያስገኝ እንደሆነ የሚወስነው እያንዳንዱ ኮሌጅ ነው። አንዳንዱ የመሠረታዊ ንድፍ ኮርስን ይተካለታል፣ ሌላው እንደ ምርጫ ኮርስ ብቻ ይቆጥረዋል፣ ጭራሽ የማይቀበልም አለ። የሥነ ጥበብ ኮሌጆች በበኩላቸው ለመግቢያ የራሳቸውን ፖርትፎሊዮ ይጠይቃሉ፤ ለኤፒ የተሠሩት ሥዕሎች ለዚያም ሊውሉ ይችላሉ፣ ሆኖም የኤፒው ውጤት የሚታወቀው በሐምሌ ገደማ በመሆኑ የመግቢያው ውሳኔ ቀድሞ ይደርሳል።