መኪናው ወይስ እግሩ?

ቆሞ የነበረ ወይም በዝግታ ይሄድ የነበረ መኪና ድንገት ተፈትልኮ ከግንብ ሲላተም ወይም ሰው ላይ ሲወጣ አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ቃል ይሰማል። አሽከርካሪው «ፍሬን ረግጬ ነበር፤ መኪናው እምቢ አለኝ» ይላል። አምራቹ ደግሞ «የረገጠው ነዳጅ መስጫውን ነው» ይላል። የአንዳቸውም ቃል ብቻውን ማስረጃ አይሆንም። አምራቹ የሚከላከለው ገንዘብና ስም አለው፤ አሽከርካሪውም ሳይዋሽ ሊሳሳት ይችላል። ጉዳዩ በሰፊው የተመረመረው አሜሪካ ውስጥ ነው። ካለፉት አርባ ዓመታት ታዋቂ ክርክሮች አንዱ ለአምራቹ፣ ሌላው ለአሽከርካሪው ፈርዷል፤ ሁለቱንም ነፃ ያላወጣም አለ። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ክርክሩን ያቀጣጠለው ኦዲ 5000 ነው። በ1980ዎቹ አጋማሽ የዚህ አውቶማቲክ መኪና ባለቤቶች ማርሹን ከፓርክ አውጥተው ወደፊት ወይም ወደኋላ ሲያስገቡ መኪናው በራሱ እንደሚወረወር ማመልከት ጀመሩ። በኖቬምበር 1986 የሲቢኤስ ቴሌቪዥን «ሲክስቲ ሚኒትስ» ፕሮግራም ጉዳዩን ለሕዝብ አቀረበው። በፕሮግራሙ ላይ የማንም እግር ሳይነካው ነዳጅ መስጫው ወደ ታች ሲወርድ ታየ፤ ለተመልካቹ ያልተነገረው ግን ካምቢዮው ተበስቶ የታመቀ አየር እንደተለቀቀበት ነው። ኦዲ በ1985 አሜሪካ ውስጥ ከ74 ሺህ በላይ መኪኖች ሸጦ ነበር፤ በ1991 የሸጠው 12 ሺህ ገደማ ብቻ ነው።

የአሜሪካ መንግሥት የአውራ ጎዳና ትራፊክ ደኅንነት መሥሪያ ቤት ጥናቱን ያወጣው በ1989 ሲሆን፣ አብዛኞቹን አደጋዎች ያደረሰው ፍሬን መስሎት ነዳጅ መስጫውን የረገጠ እግር ነው አለ። መኪናውን ግን በነፃ አላሰናበተውም። ሚኒሞውን የሚቆጣጠረው ክፍል ሲበላሽ የሞተሩ ዙር በትንሹ ከፍ ይላል፤ ያቺ ትንሽ ግፊት አሽከርካሪውን ታስደነግጠዋለች፤ የፔዳሎቹ አቀማመጥ ደግሞ የደነገጠ እግር እንዲስት ያመቻል። ኦዲ በ1987 በመኪኖቹ ላይ መቆለፊያ መግጠም ጀመረ፦ ፍሬን ካልተረገጠ ማርሹ ከፓርክ አይወጣም። ዛሬ አውቶማቲክ ቪትዝ የሚነዳ ሁሉ ሳያስበው የሚጠቀምበት ነገር ነው። መቆለፊያው ሞተሩንም ነዳጅ የሚቆጣጠሩትን ክፍሎችም አይነካም፤ የሚያደርገው እግሩ መጀመሪያ ፍሬን ላይ እንዲያርፍ ማስገደድ ብቻ ነው። እሱ ከተገጠመ በኋላ አቤቱታው ቀነሰ። ችግሩ ሞተሩ ውስጥ ቢሆን ኖሮ በዚህ ሊቀንስ ባልቻለ ነበር።

እግር እንዴት እንደሚስት በዚያው በ1989 ሪቻርድ ሽሚት የተባለው የሰው እንቅስቃሴ ተመራማሪ በሰፊው ጽፏል። አእምሮ «ፍሬን ርገጥ» ብሎ ሲያዝ ትእዛዙ ትክክል ነው፤ የሚስተው አፈጻጸሙ ነው። እግሩ በጥቂት ሴንቲ ሜትር ወደ ቀኝ ሲሄድ ባለቤቱ አይሰማውም፤ በተለይ ወደኋላ ለመሄድ ወገቡን አዙሮ ሲቀመጥ እግሩ ከልማዱ ይንሸራተታል። መኪናው ሲወረወር ደግሞ አሽከርካሪው ፍሬን እንደረገጠ ስለሚያምን የሚያደርገው አንድ ነገር ነው፦ አጥብቆ መርገጥ። በረገጠ ቁጥር መኪናው ይብሳል፤ ስለዚህ «ፍሬኑ ወለል ድረስ ገብቶ አልያዘም» ብሎ በሙሉ ልቡ ይመሰክራል። ማርሽ በእጅ በሚቀየርባቸው መኪኖች ላይ እንዲህ ያለ አቤቱታ እምብዛም አይሰማም፤ ፍሪሲዮን የረገጠ ሰው ሞተሩን ከጎማው ስለሚለየው ቀኝ እግሩ ቢሳሳት እንኳ መኪናው አይወረወርም።

ከዚህ ጋር የሚነሳ ቀላል ጥያቄ አለ፦ ነዳጅ መስጫው እስከ መጨረሻው ተከፍቶ ቢቀር ፍሬን መኪናውን ማቆም ይችላል? ጤነኛ ፍሬን ይችላል። «ካር ኤንድ ድራይቨር» መጽሔት 268 የፈረስ ጉልበት ያለው ቶዮታ ካምሪ በሰዓት 112 ኪሎ ሜትር እየሄደ፣ ነዳጁ ሙሉ በሙሉ እንደተከፈተ ፍሬን ሲያዝ በ58 ሜትር ገደማ እንደሚቆም ለክቷል፤ ነዳጁ ተዘግቶ ሲሞከር 53 ሜትር ነበር። ልዩነቱ የአንድ መኪና ርዝመት ያህል ነው። ነገር ግን ይህ የሚሠራው ፍሬኑ በአንዴ ጠንክሮ ሲረገጥ ነው። ፍሬን የሚያግዘው ክፍል ጉልበቱን የሚያገኘው ሞተሩ አየር ሲስብ ከሚፈጠረው ባዶ ግፊት ነው፤ ነዳጁ ወለል ድረስ ሲከፈት ግፊቱ ይጠፋል። አሽከርካሪው ፍሬኑን እየለቀቀ ደጋግሞ ከረገጠ በክፍሉ ውስጥ የቀረችውን ያሟጥጣትና ፔዳሉ እንደ ድንጋይ ይጠነክርበታል።

ይህ ሁሉ የተፈተነው በቶዮታ ነው። በኦገስት 28 ቀን 2009 ሳንዲያጎ አጠገብ ከሥራ ውጪ የነበረ የካሊፎርኒያ አውራ ጎዳና ፖሊስ ከጋራዥ በውሰት በተሰጠው ሌክሰስ ኢኤስ 350 ከቤተሰቡ ጋር ሲጓዝ መኪናው አልቆም ብሎት አራቱም ተሳፋሪዎች ሞቱ። ምርመራው ያገኘው የኤሌክትሮኒክስ ተንኮል ሳይሆን የጎማ ምንጣፍ ነበር። ለሌላ ሞዴል የተሠራ ምንጣፍ ተነጥፎ ነዳጅ መስጫውን ወለሉ ላይ ይዞት ቀርቶ ነበር። ከጥቂት ቀናት በፊት በዚያው መኪና ያንኑ ችግር የገጠመው ሌላ ሰው ፔዳሉን አላቆ ከተረፈ በኋላ ለጋራዡ ተናግሯል። ሞተሩን ለማጥፋት ደግሞ የማስነሻውን ቁልፍ ለ3 ሰከንድ ተጭኖ መቆየት ያስፈልግ ነበር፤ መኪናውን በውሰት የያዘ ሰው ይህን በጭንቅ ሰዓት ከየት ያውቃል? ምንጣፉን ያነጠፈው፣ ቅሬታውን ሰምቶ ያለፈውና ፔዳሉን ለምንጣፍ አጋልጦ የነደፈው እያንዳንዳቸው ድርሻ አላቸው። የሠለጠነ የአውራ ጎዳና ፖሊስን «መንዳት አይችልም» ማለት ግን ለማንም አላዋጣም።

ቶዮታ በዚያው መከር በምንጣፉ ምክንያት ሚሊዮኖች መኪና ለጥገና ጠራ። በጃንዋሪ 2010 ደግሞ ተረግጦ ቶሎ ስለማይመለስ ፔዳል ሌላ 2.3 ሚሊዮን ጠራ። ሁለቱ ችግሮች መካኒካዊ ናቸው። ሦስተኛው ጥርጣሬ፣ ኮምፒውተሩ ራሱ ነዳጅ ይከፍታል የሚለው፣ ለናሳ መሐንዲሶች ተሰጠ። ከ280 ሺህ በላይ የሶፍትዌር መስመሮችን መርምረው በፌብሩዋሪ 2011 በወጣው ውጤት ነዳጁን በሰፊው ሊከፍት የሚችል የኤሌክትሮኒክስ ጉድለት አላገኘንም አሉ። ቀደም ሲል የደኅንነት መሥሪያ ቤቱ የ58 አደጋ የደረሰባቸው መኪኖችን መረጃ መዝጋቢ ሲያነብ በ35ቱ ፍሬን ጨርሶ አልተረገጠም ነበር።

ነገሩ በዚህ ቢዘጋ ለአምራቹ ባማረለት ነበር። በ2013 ግን ኦክላሆማ ውስጥ በ2005 ሞዴል ካምሪ ላይ በደረሰ አደጋ የተከፈተ ክስ ለዳኞች ቀረበ። የከሳሾቹ የሶፍትዌር ባለሙያ የኮምፒውተሩን ፕሮግራም ለወራት ካጠና በኋላ፣ በማስታወሻው ውስጥ የአንዲት ቢት መለወጥ ነዳጁን የሚቆጣጠረውን ሥራ ሊያቆም እንደሚችል አስረዳ። ዳኞቹ ለከሳሾቹ ፈረዱ። ይህ በዚያ አደጋ ላይ በትክክል ያ ነገር ሆኗል ማለት አይደለም፤ ሊሆን የሚችልበት መንገድ ክፍት ነበር ማለት ነው። በ2014 ቶዮታ ስለ ምንጣፉና ስለሚጣበቀው ፔዳል ደንበኞችን በማሳሳቱ 1.2 ቢሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማማ። ያ ሁሉ ገንዘብ የተከፈለው ከሞላ ጎደል ለጉድለቱ ሳይሆን ስለ ጉድለቱ ለተነገረው ነገር መሆኑ ልብ ሊባል ይገባል።

ጄኔራል ሞተርስ የተያዘበት ነገር የዚህ ግልባጭ ነው። የሼቭሮሌ ኮባልትና የሳተርን አዮን ማስነሻ ቁልፍ ውስጥ ያለች ትንሽ ሞላ ልል ነበረች። ከባድ የቁልፍ መያዣ ሲወዛወዝ ወይም መኪናው ጉድጓድ ሲገባ ቁልፉ ይዞርና ሞተሩ እየሄደ ይጠፋል፤ መሪው ይከብዳል፣ የፍሬኑ እገዛ ይቀንሳል፣ ኤርባጉም አይከፈትም። ኩባንያው ቁልፉን በ2006 ሲያሻሽለው የክፍሉን መለያ ቁጥር ስላልቀየረ አሮጌውና አዲሱ ከውጪ አይለዩም ነበር። ሁለቱ መለያየታቸው የታወቀው ለአንዲት ሟች ቤተሰብ ጠበቃ የሚሠራ መሐንዲስ ፈትቶ ጎን ለጎን ሲያስተያያቸው ነው። መኪኖቹ መጠራት የጀመሩት በ2014 ነው፤ ቁጥራቸው 2.6 ሚሊዮን ደረሰ። ኩባንያው ባቋቋመው የካሳ ፈንድ 124 ሞት ከዚህ ጉድለት ጋር ተያይዞ ተመዘገበ።

እስከዚያ ድረስ ፖሊስ ያን የመሰለ አደጋ ሲመዘግብ ፍጥነት፣ መጠጥ ወይም ያልታሰረ ቀበቶ ብሎ ይጽፍ ነበር። ቴክሳስ ውስጥ በ2004 ሳተርን አዮን ስትነዳ ከዛፍ ተላትማ እጮኛዋ የሞተባት ወጣት በቸልተኝነት ሰው በመግደል ተከሳ ጥፋተኛ ነኝ ብላ አመነች፤ ፍርዱ የተሰረዘላት በ2014 ነው። በኦዲ ጊዜ የሳቱ አሽከርካሪዎች ንጹሕ ነን ብለው ይምሉ ነበር፤ እዚህ ንጹሕ የሆነችው ጥፋቱን ተቀበለች። የአሽከርካሪ ቃል ለየትኛውም ወገን ቢያደላ በብረቱ ላይ ከቀረው ማስረጃ ጋር ካልተመሳከረ ዋጋው ትንሽ ነው።

ብዙ ጊዜ የሚጠቀሰው «94 በመቶ አደጋ የአሽከርካሪ ጥፋት ነው» የሚለው ቁጥር በዚህ ዓይን ሊነበብ ይገባል። ምንጩ የአሜሪካው የደኅንነት መሥሪያ ቤት በ2015 ያወጣው አጭር ዘገባ ነው። ለመኪናው የደረሰው 2 በመቶ ነበር። ዘገባው ራሱ ቁጥሩ ከአደጋው በፊት የመጣውን የመጨረሻ ምክንያት እንጂ ጥፋተኛውን እንደማያሳይ ጽፏል፤ ያቺ ዓረፍተ ነገር ግን ከቁጥሩ ጋር አልተጓዘችም። መጨረሻ ላይ የሚገኘው አብዛኛውን ጊዜ ሰው ነው፤ መሪውን የያዘው እሱ ነውና።

በኢትዮጵያ የአደጋ ዜና ውስጥ የሚደጋገመው «ፍሬን በጥሶ» የሚለው ነው። ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ ድልድይ የሚወርደው መንገድ ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ የከፍታ ልዩነት ያለው ቁልቁለት ነው። ነዳጅ ለመቆጠብ ማርሹን ነፃ አድርጎ ወይም በከፍተኛ ማርሽ የሚወርድ አሽከርካሪ ሞተሩ ሊይዝለት የሚችለውን ክብደት ሁሉ በፍሬኑ ላይ ይጥላል። ፍሬኑ ይግላል። በአነስተኛ መኪኖች ላይ ዘይቱ ይፈላል፤ አዲስ ዶት 3 የፍሬን ዘይት ቢያንስ 205 ዲግሪ ሴልሺየስ የሚችል ሲሆን እርጥበት ከጠጣ በኋላ ከ140 በላይ ላይችል ይችላል። የፈላ ዘይት እንፋሎት ይሆናል፣ እንፋሎት ደግሞ ይጨመቃል፤ ፔዳሉ ወለል ይነካል። በከባድ መኪና የአየር ፍሬን ላይ የጋለው ታምቡር ይሰፋና ሸራው አይደርስበትም። ብረቱ ከቀዘቀዘ በኋላ መርማሪ ሲሞክረው ፍሬኑ ይይዛል፤ ስለዚህ የአሽከርካሪ ጥፋት ተብሎ ይዘጋል። ከልክ በላይ የጫነው ነጋዴና ሸራ ለመቀየር የሰሰተው ባለንብረት በዚያ መዝገብ ውስጥ ስማቸው አይገኝም። እዚህ ላይ «በጠሰ» የተባለው አብዛኛውን ጊዜ የተበጠሰ ነገር ሳይሆን የጋለ ነገር ነው።

ቪትዝና ኮሮላ የመጡባት ጃፓንም የራሷ ክርክር አላት። በኤፕሪል 2019 ቶኪዮ ኢኬቡኩሮ ውስጥ የ87 ዓመት አዛውንት ይነዱት የነበረ ፕሪየስ አንዲት እናትና የሦስት ዓመት ልጇን ገደለ። አዛውንቱ ፍሬን እምቢ አለኝ ብለው ተከራከሩ፤ የመኪናው መዝጋቢ ግን ፍሬን እንዳልተረገጠ አሳየ፤ በ2021 የአምስት ዓመት እስራት ተፈረደባቸው።

አሽከርካሪው ምንም የማይጠየቅበት ጉድለትም አለ። ታካታ የተባለው ኩባንያ በሠራቸው ኤርባጎች ውስጥ ያለው አሞኒየም ናይትሬት በሙቀትና በእርጥበት ለዓመታት ሲቆይ ይበላሻል፤ ኤርባጉ ሲከፈት የብረት ቅርፊቱን ሰባብሮ በተሳፋሪው ላይ ይረጨዋል። አሜሪካ ውስጥ ብቻ 67 ሚሊዮን ገደማ ክፍሎች ለቅያሪ ተጠርተዋል፤ በዓለም ዙሪያ ከተጠሩት መካከል በ2000ዎቹ የተሠሩ ኮሮላዎችና በጃፓን ቪትዝ የሚባሉት ያሪሶች ይገኙበታል። የጥገና ጥሪው ደብዳቤ የሚላከው መኪናው በተመዘገበበት አገር ላለው ባለቤት ነው። መኪናው ከጃፓን ወይም ከባሕረ ሰላጤው አገሮች አገልግሎ ከወጣ ደብዳቤው ተከትሎት አይመጣም። ጥሪው ግን ከሰው ስም ጋር ሳይሆን ከሻንሲ ቁጥር ጋር የተያያዘ ነው፤ ቁጥሩ ሊብሬ ላይ አለ። ቶዮታ በጃፓን ገበያ ለተሸጡት መኪኖች ጥሪ መኖሩን በሻንሲ ቁጥር የሚፈትሽ ገጽ አለው፤ ለአሜሪካ ገበያ የተሠሩት ደግሞ በደኅንነት መሥሪያ ቤቱ ገጽ ላይ ይታያሉ።