«ጨረራማ» ወይስ «ጨረራ የመታው»? ስለ ፍሳሽ ውሃ ማጽጃ ስያሜዎች

የፋብሪካን ፍሳሽ በአዮን ፈጣሪ ጨረራ ስለ ማጽዳት የሚናገር ጽሑፍ ወደ አማርኛ ሲመለስ አንድ ቅጽል ብቻውን ሐሳቡን ሊገለብጠው ይችላል፤ ይኸውም «ጨረራማ ውሃ» የሚለው ነው።

ለአብነት በደቡብ ኮሪያ፣ በዴጉ ከተማ የጨርቃ ጨርቅ ማቅለሚያ ፋብሪካዎች ሰፈር እ.ኤ.አ. በ2005 የተተከለውን ጣቢያ እንመልከት። የተሠራው በቀን 10,000 ሜትር ኩብ ፍሳሽ እንዲያስተናግድ ነው። ውሃው ሲፈስ የኤሌክትሮን ማፍጠኛው 1 ሚሊዮን ኤሌክትሮን ቮልት ጉልበት ያላቸውን ኤሌክትሮኖች ያዘንብበታል። ኤሌክትሮኖቹ በአብዛኛው የሚመቱት ቀለሙን ሳይሆን ራሱን ውሃውን ነው። የውሃው ሞለኪውል ሲሰነጠቅ ሃይድሮክሲል ራዲካል የተባለ ዕድሜው እጅግ አጭር የሆነ ስባሪ ይወጣል፤ ቀለሙን በዋነኛነት የሚሰባብረውም እርሱ ነው። (በፖለቲካ ጽሑፍ የለመድነውን «ሥር ነቀል» እዚህ ማምጣት ስሕተት ነውና «ራዲካል» እንዳለ ይቆይ።)

ይህ የኤሌክትሮን ጉልበት የውሃን አቶሞች አስኳል ለመለወጥ አይበቃም፤ ስለዚህ መሣሪያውን አልፎ የወጣው ውሃ ጨረራ አያመነጭም። በአማርኛ ግን «-ማ» የሚለው ቅጥያ፣ በ«ተራራማ» እና በ«ውሃማ» እንደምናየው፣ ነገሩ በውስጡ መብዛቱን ያመለክታል። በመሆኑም «ጨረራማ ውሃ» የሚለውን ያነበበ የወንዝ ዳር ነዋሪ ውሃው ተመርዟል ብሎ ቢሸሽ ጥፋቱ የተርጓሚው ነው። ሕዝቡ «ፀሐይ የመታው ልብስ» ሲል ልብሱ ብርሃን ያፈልቃል ማለቱ አይደለም። እኛም በዚሁ ፈለግ «ጨረራ የመታው ውሃ» እንዲባል፣ ራሱ ጨረራ ለሚያወጣው ደግሞ «ጨረራ አመንጪ» እንዲለይለት እናሳስባለን።

ለድርጊቱ «ማጣራት» የሚለው ቃል የተለመደ ቢሆንም በማጥለያ የሚቀር ነገር ስለሌለ አይስማማውም። «ማፍላት»ም አይሆንም፤ 1 ኪሎግሬይ ለአንድ ኪሎግራም ውሃ የሚያደርሰው ጉልበት 1,000 ጁል ሲሆን ሙቀቱን ሩብ ዲግሪ ሴልሺየስ እንኳ አይጨምርም። «መበስበስ»ን ለደቂቅ ሕዋሳት ሥራ እንተውለት፤ በዴጉ ጨረራ የመታው ፍሳሽ ቀጥሎ የሚተላለፈው ወደ እነርሱ ስለሆነ፣ «መሰባበር» እና «መበስበስ» በአንድ ዐረፍተ ነገር ውስጥ ጎን ለጎን መገኘታቸው አይቀርም።