ሲግናል ሲበላሽ በስንት ሰዓት ይጠገናል?

ቤቴ ኮልፌ ቀራንዮ ነው፤ በ2008 ዓ.ም. ሥራ የጀመረውን ቀላል ባቡር የምሳፈረውም ከምዕራቡ ጫፍ፣ ከጦር ኃይሎች ነው። ጎረቤቶቼ «አንተ ኤሌክትሪካል ትማር የለ? የባቡር ሲግናል ሲበላሽ በስንት ሰዓት ይጠገናል?» ይሉኛል።

በብዙ አገር የሚሠራበትን ትራክ ሰርኪት እንመልከት። በሐዲዱ አነስተኛ ከረንት ያልፋል፤ ባቡር ሲገባ የብረት ጎማው ሾርት ያደርገዋል፣ ሪሌው ይለቃል፣ መብራቱ ቀይ ይሆናል። ሽቦ ቢበጠስ ወይም ኃይል ቢቋረጥም ያው ቀይ ነው። ይህ ለደኅንነት ሲባል ነው፤ ግን ቀዩ ምክንያቱን አይናገርም።

እናም ብዙውን ጊዜ ሰዓት የሚበላው ጥገናው ሳይሆን ፍለጋው ነው፤ ከጥገና በኋላም ፍተሻ አለ። ብልሽቱ ሳይገኝ «ግማሽ ሰዓት» ማለት ምኞት እንጂ ግምት አይደለም። ስለዚህ ለጎረቤቶቼ «መጀመሪያ ይገኝ፣ ከዚያ ሰዓቱን እንናገራለን» እላቸዋለሁ።