ከስብከት በፊት ገበታ

ልጇን ወደ ሩቅ አገር የላከች እናት ከሁሉ አስቀድማ የምትጠይቀው፣ «ምን ይበላል? ከማን ጋር ይውላል?» ብላ ነው። ጥያቄው ቀላል መስሎ ይታያል። ነገር ግን ስለ ሃይማኖቱ ወደ ሰው አገር የሚላክ ወጣት የመጀመሪያ ፈተናው ይኸው ነው፤ ከስብከቱ በፊት ገበታው ይቀርብለታልና።

በዘመናችን በየአገሩ ከሚዘዋወሩት ወጣት መልእክተኞች መካከል ሞርሞኖች የሚባሉት ይገኛሉ። ወንዱ ከ18 ዓመቱ ጀምሮ ለ2 ዓመት፣ ሴቲቱም ለ18 ወር ያለ ደመወዝ ያገለግላሉ። የሚሄዱበትን አገር ራሳቸው አይመርጡም፤ ይመደባሉ። ሁልጊዜም ሁለት ሁለት ሆነው እንጂ ለብቻቸው አይወጡም። እ.ኤ.አ. እስከ 2019 ድረስ በስልክ የወላጆቻቸውን ድምፅ የሚሰሙት በዓመት ሁለት ጊዜ ያህል ብቻ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ በየሳምንቱ ተፈቅዶላቸዋል። እ.ኤ.አ. በ1830 የታተመውን መጽሐፈ ሞርሞንን ከቅዱሳት መጻሕፍት ስለሚቈጥሩ፣ እምነታቸው ከእኛ እጅግ የራቀ መሆኑ የታወቀ ነው። ከደንባቸውም አንዱ ቡናና ሻይ አለመጠጣት ነው።

እንግዲህ እንዲህ ያለው ወጣት ወደ ጨርጨር ተራሮች፣ ቀድሞ አሰበ ተፈሪ ወደምንላት ወደ ጭሮ ቢመጣ ምን ይገጥመዋል? በዚያ አገር ቡና የእርሻው ሀብት፣ የጎረቤቱም ሰላምታ ነው። ስኒውን የመለሰ ሰው ሰውየውን የመለሰ ይመስላል።

ይህን የምጽፈው በራሴ ስለ ደረሰብኝ ነው። ከሃያ ዓመት በፊት መምህር ሆኜ ወደዚያች ከተማ ተመደብሁ። መኪናው ከሚኤሶ ቈላ ተነሥቶ ዳገቱን ሲወጣ አየሩ ይቀዘቅዛል፣ የማሽላውና የጫቱ ማሳ በየተረተሩ ይታያል። ከድቁና ትምህርት ቤትም ከዘመናዊው ትምህርት ቤትም የተማርሁ ስለሆንሁ የሚጐድለኝ ነገር ያለ አይመስለኝም ነበር። የኦሮምኛ ቋንቋ ግን አንዲት ቃል አላውቅም።

ቤት ያከራዩኝ አንዲት እስላም ባልቴት ነበሩ። በማግሥቱ ሆጃ ይዘውልኝ መጡ፤ ይኸውም ከቡና ገለባና ከወተት የሚፈላ መጠጥ ነው። ጊዜው ዐቢይ ጾም ነበርና ራሴን ነቅንቄ መለስሁት። ሁለተኛ አመጡ፤ ሁለተኛም መለስሁ። ከዚያ በኋላ ባልቴቲቱ ሰላምታዬን እንኳ ሳይቀበሉ ማለፍ ጀመሩ። እኔም ሕጌን ጠበቅሁ ብዬ በልቤ እመካ ነበር።

በሦስተኛው ሳምንት አንድ ተማሪዬ፣ «ጋሼ፣ ሴትዮዋ እኮ የእስላም እጅ ተጸይፎ ነው ብለው አዝነዋል» አለኝ። ደነገጥሁ። ጾም በኦሮምኛ «ሶማ» እንደሚባል ከእርሱ ተምሬ፣ በዚያው ምሽት ወደ ደጃቸው ሄድሁና ጫማዬን አውልቄ፣ እጄን በደረቴ ላይ አድርጌ፣ «ሶማ» አልኋቸው። ባልቴቲቱ ጥቂት ዝም ብለው አዩኝና ሣቁ። ከዚያም ልጁ እንደ ተረጐመልኝ፣ «ለካስ ጾመኛ ነህ እንጂ ኩሩ አይደለህም» አሉኝ። በፍልሰታ ወተት የሌለበትን ቡና እያፈሉ ጠሩኝ። ረመዳን በገባ ጊዜም እኔ ምሳዬን በሚያዩት ቦታ አልበላሁም።

በሐረርጌ ይህን ትምህርት አስቀድሞ የተማረ ሌላ እንግዳ ነበር። አንድሬ ዣሮሶ የተባሉት ፈረንሳዊው የካቶሊክ ካህን፣ በአገራችን ስማቸው አባ እንድርያስ፣ እ.ኤ.አ. በ1882 ሐረር ሲገቡ ገና ሃያ አራት ዓመት ገደማ ነበሩ። ከተማይቱም ያን ጊዜ በግብፆች እጅ ነበረች። የሕዝቡን ቋንቋ ተምረው ከሃምሳ ዓመት በላይ በመካከሉ ኖሩ። የእምነት ልዩነት ሳያግዳቸው ራስ መኰንን ለልጃቸው ለተፈሪ መምህር በፈለጉ ጊዜ የእኚህን ካህን ደቀ መዝሙር አባ ሳሙኤልን አገኙ። እንዲህ ያለው መታመን በአንድ ቀን ንግግር አይገኝም።

ስለዚህ ወላጆች ሆይ፣ ልጃችሁን ለአገልግሎትም ሆነ ለሥራ ወደ ሌላ አገር ስትልኩ ከስንቁ ጋር ይህን ምክር ጨምሩለት፦ ጾሙን ይጠብቅ፤ ነገር ግን ዝምታ ስድብ እንዳይሆንበት የአገሩን ቃል ይማር። የሌላ እምነት ወጣት መልእክተኛም ደጃችሁን ቢመታ፣ ሃይማኖታችሁን በትሕትናና በግልጽ ንገሩት፣ ትምህርቱን ባትቀበሉም ወንበር አትንፈጉት። ቡናችሁን ቢመልስ አትቀየሙ፤ እርሱም የራሱን ሕግ ሊጠብቅ ይሆናልና ውኃ ስጡት። እናቱ በሩቅ ሆና፣ «ምን ይበላል?» እያለች ታስባለችና።