ቀዳዳ ያለው ዳቦ ሁሉ ቤግል አይደለም

ከኒው ዮርክ ርቀው የሚኖሩ ሰዎች ከሚናፍቋቸው ምግቦች አንዱ ቤግል ነው። መካከሉ ክፍት የሆነው ይህ ክብ ዳቦ ዛሬ በብዙ የዓለም ከተሞች ይሸጣል። የለመደው ሰው ግን ገና ሲቀምሰው “ይህስ ቤግል አይደለም” ይላል። ልዩነቱ ከምን የመጣ ነው?

ቤግል የምሥራቅ አውሮፓ አይሁዶች ምግብ ነው። የፖላንዷ ክራኮቭ የአይሁድ ማኅበረሰብ እ.አ.አ. በ1610 ባወጣው ደንብ ውስጥ ስሙ ተጠቅሷል። ኒው ዮርክ ያደረሱትም ከዚያው አካባቢ የተሰደዱ አይሁዶች ናቸው። በከተማዋ የቤግል ጋጋሪዎች የራሳቸው የሠራተኛ ማኅበር ነበራቸው፤ ሙያውም በአብዛኛው ከአባት ወደ ልጅ ይተላለፍ ነበር።

ቤግልን ከሌላ ዳቦ የሚለየው መቀቀሉ ነው። ሊጡ ፕሮቲኑ ከፍ ያለ የስንዴ ዱቄት በጥቂት ውሃ ጠንከር ተደርጎ የሚቦካ ነው። ቅርጽ ከያዘ በኋላ በቀዝቃዛ ስፍራ ያድራል፤ ጣዕሙም በዚህ ጊዜ ይዳብራል። ከዚያ ምድጃ ከመግባቱ በፊት ለአጭር ጊዜ በፈላ ውሃ ይቀቀላል። ኒው ዮርኮች ውሃው ላይ ብቅል ሲጨምሩ፣ የካናዳዋ ሞንትሪያል ጋጋሪዎች ማር ጨምረው በእንጨት እሳት ይጋግሩታል። ሙቀቱ በሊጡ ገጽ ላይ ያለውን ስታርች ስለሚያበስለው ስስ ሽፋን ይፈጠራል። ይህ ሽፋን ዳቦው ከልክ በላይ እንዳይነፋ ይይዘዋል። ውጩ የሚያብረቀርቀው፣ ውስጡም ጥርስ የሚይዘው ስለዚህ ነው።

በ1960ዎቹ ቤግል የሚቀርጽ ማሽን ሥራ ላይ ዋለ። በረዶ ቤት የሚቆይ የታሸገ ቤግልም በመላ አሜሪካ ተዳረሰ። በርካታ ፋብሪካዎች መቀቀሉን ትተው በእንፋሎት መጋገር ያዙ። ምርቱ በረከተ፤ ዳቦው ግን ለሰለሰ።

ብዙዎች ምስጢሩ የኒው ዮርክ የቧንቧ ውሃ ነው ይላሉ። ውሃው የማዕድን ይዘቱ አነስተኛ መሆኑ እውነት ነው። ሆኖም ዱቄቱ፣ ማደሩና መቀቀሉ ከውሃው ይልቅ ይመዝናሉ። ይህም ለናፋቂው የምሥራች ነው፤ ውሃው አይሰደድም፣ ሙያው ግን ይሰደዳል።

እናም በባዕድ ከተማ ቤግል የሚፈልግ ሰው ጋጋሪውን “ከመጋገሩ በፊት ትቀቅሉታላችሁ?” ብሎ ቢጠይቅ ብዙ ይረዳል። በእስራኤል “የኢየሩሳሌም ቤግል” የሚባለው ሞላላና ሰሊጥ የለበሰ ዳቦ ለምሳሌ አይቀቀልም፤ በራሱ መልካም ቢሆንም ሌላ ምግብ ነው። እውነተኛው ቤግል ከመጠኑ ይልቅ ከበድ ይላል፣ ቅርፊቱም ያብረቀርቃል። በተጋገረበት ዕለት ቢበላ ይመረጣል፤ የተረፈው ወዲያው ተቆርጦ በረዶ ቤት ቢገባ ይሻላል።

በስደት አገር የጤፍ እንጀራ ፍለጋ የዞረ ሰው ይህን ፍለጋ ያውቀዋል። ዓይን ያለው ሁሉ እንጀራ እንዳልሆነ፣ ቀዳዳ ያለውም ሁሉ ቤግል አይደለም።