ጎማና መሬት
ለትንሽና ላረጀ መኪና ጎማ ስለ መምረጥ፤ ከውድድር ሜዳ እስከ ኮኪት

ስለ መኪና ሲወራ ብዙ ጊዜ የሚነሣው የሞተሩ ጉልበት፤ የቀለሙ ማማርና የፍጥነቱ ብዛት ነው። ስለ ጎማ የሚያወራ ሰው ግን ጥቂት ነው። ነገሩን ጠለቅ ብለን ብንመለከተው ሞተሩ የቱንም ያህል ቢበረታ፤ ፍሬኑም የቱንም ያህል ቢይዝ፤ መኪናው ከመሬት ጋር የሚገናኘው በአራት ቦታ ብቻ ነው። የእያንዳንዱም ቦታ ስፋት ከአንድ ሰው መዳፍ እምብዛም አይበልጥም። መኪናው የሚሄደው፤ የሚታጠፈውና የሚቆመው በእነዚህ አራት መዳፎች ነው። ስለዚህ ጎማ መምረጥ ለጎሚስታ ብቻ የሚተው ሥራ ሳይሆን የባለመኪናው የራሱ የዕውቀት ጉዳይ ነው።

በዛሬው ጽሑፋችን ይህን ጉዳይ ከሁለት ወገን እንመለከተዋለን። አንደኛው አውቶክሮስ ከሚባለው የመኪና ውድድር ወገን ነው፤ ሁለተኛው በመተማ ወረዳ ከምትገኘው ከኮኪት ወገን ነው። ሁለቱ ፈጽሞ የማይገናኙ ይመስላሉ። ነገር ግን በውድድሩ ብዙ ጊዜ የሚሰለፉት ትንንሽና ያረጁ መኪናዎች ናቸው፤ ወደ ቆላው ተመድቦ የሚሄደው ወጣት መምህር ወይም ሠራተኛም ከብዙ ቁጠባ በኋላ መኪና ቢገዛ የሚገዛው ያንኑ ትንሹንና ያረጀውን ነው። ስለዚህ የሁለቱም ጥያቄ አንድ ነው፤ «ባለችኝ ገንዘብ የትኛውን ጎማ ልግዛ?» የሚል።

የውድድሩ ጠባይ

አውቶክሮስ በሁለት አገር ሁለት መልክ አለው። በእንግሊዝ አገር መኪናዎቹ የሚሮጡት በሣር ወይም በአፈር ሜዳ ላይ በተቀየሰ አጭር ዙሪያ ነው። በአሜሪካ ግን ውድድሩ የሚደረገው በሰፊ የአስፋልት አደባባይ ላይ ሲሆን፤ መንገዱ በላስቲክ ምልክቶች ይቀየስና መኪናዎቹ አንድ በአንድ እየተለቀቁ በሰዓት ይለካሉ። አንዱ ሩጫ ብዙ ጊዜ ከአንድ ደቂቃ አይበልጥም፤ አንድ ምልክት የመታ ሾፌር ሁለት ሰኮንድ ይጨመርበታል። መኪናዎቹ በየክፍላቸው ስለሚመደቡ፤ አሮጌዋ ትንሽ መኪና የምትወዳደረው ከመሰሎቿ ጋር ነው። ይህ ውድድር በአገራችን በሰፊው የተለመደ ባይሆንም፤ ብልሃቱ ለማንኛውም ሾፌር የሚያስተምረው ነገር አለ።

በእንዲህ ያለው ውድድር የሞተር ጉልበት ብዙ አይረዳም፤ ቀጥ ያለ መንገድ የለምና። የሚረዳው በመታጠፊያው ላይ መሬቱን ለቅቆ የማይንሸራተት ጎማ ነው። ጎማው በሩጫ እስኪሞቅ ጊዜ ስለማይኖረው ገና በቀዝቃዛነቱ የሚይዝ ለስላሳ ላስቲክ ይፈለጋል። የላስቲኩን ጥንካሬ ለመገመት በአሜሪካ ሕግ መሠረት በጎማው ጎን ላይ የሚቀረጽ ቁጥር አለ። ቁጥሩ ከፍ ሲል ጎማው ቶሎ አያልቅም ማለት ነው፤ ዝቅ ሲል ግን ላስቲኩ አብዛኛውን ጊዜ ለስላሳ ነው፤ መሬት ይይዛል፤ ቶሎም ያልቃል። የአሜሪካ የስፖርት መኪና ክለብ በመንገድ ጎማ ለሚወዳደሩት ክፍሎች ዝቅተኛው ቁጥር 200 እንዲሆን ደንግጓል። ለዕለት ተዕለት ጉዞ የሚሠሩት ጎማዎች ግን ብዙ ጊዜ 400 እና ከዚያ በላይ የተጻፈባቸው ናቸው። ይሁን እንጂ ቁጥሩን የሚሰጠው ፋብሪካው ራሱ ስለሆነ የአንዱን ፋብሪካ ቁጥር ከሌላው ጋር ማመዛዘን ሁልጊዜ ትክክል አይሆንም።

ተወዳዳሪው ሁለተኛ የሚያየው የጎማውን ቁመት ነው። ለምሳሌ በአገራችን ለብዙ ዓመታት በታክሲነት የምናውቃት ላዳ የምትጫማውን 165/80አር13 የሚል ጎማ እንውሰድ። 165 የጎማው ስፋት በሚሊ ሜትር ነው፤ 80 የጎኑ ቁመት ከስፋቱ ጋር ሲመዛዘን በመቶኛ ነው፤ 13 የቸርኬው መጠን በኢንች ነው። ሲሰላ የጎማው ሙሉ ቁመት 594 ሚሊ ሜትር ይሆናል። በዚሁ ፈንታ 175/70አር13 ቢታሰር ቁመቱ ወደ 575 ሚሊ ሜትር ይወርዳል። ይህም ከመቶ ሦስት ያህል ያንሳል ማለት ነው። ጎማው ሲያጥር ደካማው ሞተር የመሳብ ኃይሉ በዚያው መጠን ይጨምራል፤ የጎኑ ቁመት ስለሚቀንስም በመታጠፊያው ላይ ጎማው አይተኛም። ለተወዳዳሪው ይህ ትርፍ ነው።

ሦስተኛው ብልሃት ነፋሱን መመጠን ነው። ተወዳዳሪዎች በጎማው ጥርስና በጎኑ መጋጠሚያ ላይ በጠመኔ ያሰምራሉ። ከሩጫው በኋላ ጠመኔው እስከ ጎኑ ድረስ ከተፋቀ ጎማው እየተኛ ነውና ነፋስ ይጨመርለታል፤ ጠመኔው ከጥርሱ ዳር እንኳ ካልተነካ ነፋሱ በዝቷልና ይቀነሳል። ጠመኔ ከማንኛውም ትምህርት ቤት የማይጠፋ ነገር ነውና ይህን መርማሪ ለማግኘት ሀብታም መሆን አያስፈልግም።

ከጎንደር ቁልቁል

አሁን ከሜዳው ወጥተን ወደ ኮኪት እንሂድ። ከአዘዞ የሚነሣው አስፋልት በጭልጋ አይከል አድርጎ ቁልቁል ወደ ገንዳ ውኃ ይወርዳል፤ ከገንዳ ውኃ ወደ መተማ ዮሐንስ ሲሄዱ ኮኪት በመካከል ትገኛለች። መተማ በመጋቢት 1881 ዓ.ም. ዐፄ ዮሐንስ አራተኛ ከድርቡሽ ጋር ሲዋጉ የወደቁበት ስፍራ መሆኑን ከትምህርት ቤት የታሪክ መጽሐፍ ሁላችንም እናውቃለን። መንገዱ ሁለት መቶ ኪሎ ሜትር እንኳ የማይሞላ ሲሆን፤ በዚያ ውስጥ ከ2,000 ሜትር በላይ ከሆነው ደጋ ወደ 700 ሜትር ገደማ ወደሆነው ቆላ ይወረዳል። በበጋው መጨረሻ የቆላው ሙቀት ከ40 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያልፋል።

በዚህ መንገድ ላይ ጎማው ምን ይሆናል? በጎንደር አየሩ 20 ዲግሪ ሆኖ 28 ፓውንድ ነፋስ የተሞላ ጎማ አለ እንበል። መለኪያው የሚያሳየው በጎማው ውስጥና በውጭ ባለው አየር መካከል ያለውን ልዩነት ነው። ወደ ቆላ ሲወረድ የውጭው አየር ክብደት ስለሚጨምር መለኪያው ሁለት ፓውንድ ያህል ዝቅ ይላል። ነገር ግን የቆላው 40 ዲግሪ ሙቀት የጎማውን አየር ስለሚያሰፋው ሁለት ተኩል ፓውንድ ያህል ይጨምራል። እንግዲህ ሁለቱ ተቻችለው ጎማው ቆሞ ሲለካ እዚያው 28 ገደማ ይገኛል። ጥፋቱ የሚመጣው ከዚህ በኋላ ነው። በሩጫ የጋለ ጎማ ሦስትና አራት ፓውንድ ይጨምራል። ይህን ያየ ሾፌር «ጎማዬ ሊፈነዳ ነው» ብሎ በመንገድ ላይ ያስተነፍሳል። ጎማው ሲበርድ ታዲያ ከሚገባው በታች ሆኖ ይገኛል። ነፋስ ያነሰው ጎማ በየዙሩ ጎኑ ይታጠፋል፤ ሲታጠፍ ይግላል፤ ሲግል ክሩ ከላስቲኩ ይላቀቃል። በሙቀት አገር ጎማን የሚያፈነዳው ብዙ ጊዜ የነፋስ መብዛት ሳይሆን የነፋስ ማነስና የጭነት መብዛት ነው። ስለዚህ ነፋስ የሚለካው ጠዋት፤ መኪናው ከመነሣቱ በፊት ነው። የጋለን ጎማ ማስተንፈስ አይገባም።

ስለ ጭነትም አንድ ቃል እንጨምር። ከጎማው መጠን ቀጥሎ የሚጻፈው ቁጥርና ፊደል ትርጉም አለው። 82 ማለት አንዱ ጎማ የሚችለው 475 ኪሎ ነው፤ 83 ማለት 487 ኪሎ ነው። የመስከረምና የጥቅምት የሰሊጥ አጨዳ ሲደርስ፤ በአገሩ ሳሉግ የሚባሉት የቀን ሠራተኞች ወደ ቆላው ሲጎርፉ፤ አራት ሰው እንድትጭን የተሠራችው መኪና ሰባት ሰውና ሁለት ኩንታል ስትሸከም ይህን ቁጥር የሚያስብ የለም። ጎማው ግን አይረሳውም።

የዋልካው ፈተና

የኮኪት ዙሪያ መሬት ሰሊጥ፤ ጥጥና ማሽላ የሚያበቅል ጥቁር ዋልካ ነው። ዋልካ በበጋ ጠንክሮ ይሰነጣጠቃል፤ የሰኔ ዝናብ ሲነካው ግን ውኃ ጠጥቶ ያብጣል፤ እንደ ሙጫም ይጣበቃል። ከአስፋልቱ ወርዶ ወደ እርሻው የገባ መኪና ጎማው ጥቂት እንደ ዞረ ጥርሱ በጭቃ ይደፈንና ጥርስ እንደሌለው ጎማ ይሆናል። ከዚያም ጭቃው በፓራፋንጎው ውስጥ ተጠቅጥቆ ጎማው መዞር ያቅተዋል። እዚህ ላይ የተወዳዳሪው ሰፊና አጭር ጎማ ጠላት ሆኖ ይገኛል። ጥርሱ ጥቃቅንና የተቀራረበ ስለሆነ ቶሎ ይደፈናል፤ ቁመቱ ስላጠረም የመኪናው ሆድ አንድ ሴንቲ ሜትር ያህል ወደ መሬት ይቀርባል። ለዋልካ የሚሻለው ጠበብና ረዘም ያለ፤ ጥርሱም የተራራቀ ሆኖ ጭቃውን አሽቀንጥሮ የሚጥል ጎማ ነው። እርሱም ቢሆን ዝናቡ ከበረታ አያድንም፤ ያን ጊዜ የሚያዋጣው መሬቱ እስኪጠፈጥፍ መጠበቅ ብቻ ነው።

ይህንን የሚያስረዳ የታወቀ ምሳሌ ከምሥራቅ አፍሪካ እናገኛለን። በ1953 እ.ኤ.አ. የተጀመረው የሳፋሪ ውድድር በፋሲካ ሰሞን፤ በዝናብ ወራት ይደረግ ስለነበር፤ መኪናዎቹ የሚፈተኑት እንደ ኮኪት ባለው ጥቁር አፈር ላይ ነበር። በ1963 እ.ኤ.አ. ከተነሡት 84 መኪናዎች የጨረሱት 7 ብቻ ናቸው፤ በ1968 እ.ኤ.አ. ደግሞ ከ93ቱ የጨረሱት እንደገና 7 ብቻ ሆኑ። በዚህ ከባድ ውድድር በ1954፤ በ1957 እና በ1962 እ.ኤ.አ. አንደኛ የወጣችው በአዲስ አበባ መንገዶች የምናውቃት ትንሿ ቮልስ ናት። ቮልስ ሞተሯ ከኋላ፤ ከሚገፉት ጎማዎች በላይ ስለተቀመጠ ጎማዎቹን ወደ መሬት ይጫናል። ሆዷ ከመሬት ከፍ ያለ ነው፤ ጎማዋም 5.60-15 የሚባል ጠባብና ረጅም ነው። የሞተሩ ክብደት ከኋላ በመሆኑም የፊት ጎማዎቿ የሚሞሉት ከኋላዎቹ በብዙ ያነሰ ነፋስ ነው። ይህን ሳያውቁ አራቱንም እኩል መሙላት መኪናዋን በመታጠፊያ ላይ አስቸጋሪ ያደርጋታል።

የጎማ ዕድሜ

ብዙ ሰው ጎማ የሚያረጀው በኪሎ ሜትር ብቻ ይመስለዋል። ላስቲክ ግን ቆሞም ያረጃል፤ ፀሐይና ሙቀት ያደርቁታል፤ ይሰነጣጥቁታልም። ከ2000 እ.ኤ.አ. ወዲህ የተሠራ ጎማ በጎኑ ላይ አራት አኃዝ ያለው የልደት ቀን ተቀርጾበታል። ለምሳሌ 2319 የሚል ቢገኝ፤ ጎማው የተሠራው በ2019 እ.ኤ.አ. በ23ኛው ሳምንት ነው ማለት ነው። ብዙ ፋብሪካዎች ጎማ ከተሠራ ከ10 ዓመት በላይ እንዳይነዳበት ይመክራሉ። በቆርቆሮ ጣሪያ ሥር በቆላ ሙቀት ዓመታት የተቀመጠ ጎማ ጥርሱ ሙሉ ቢሆንም ገዢ ሊያታልለው አይገባም። ጥርሱ ያለቀውን የትንሽ መኪና ጎማ በምላጭ ቀርጾ አዲስ ማስመሰል ደግሞ የቀረውን ላስቲክ ቆርጦ ክሩን ለጠጠርና ለግራር እሾኽ ማጋለጥ ነው።

ገንዘቡ ለሁለት ጎማ ብቻ የሚበቃ ሰውስ ምን ያድርግ? ብዙዎች አዲሶቹን ከፊት ያስራሉ። የባለሙያዎች ምክር ግን የተሻሉት ጎማዎች ከኋላ እንዲሆኑ ነው። የፊት ጎማ ሲንሸራተት ሾፌሩ በመሪው ይሰማዋል፤ ፍጥነቱንም ይቀንሳል። የኋላው ሲንሸራተት ግን መኪናው ዞሮ እስኪገለበጥ ድረስ የሚያስጠነቅቀው የለም። እንዲሁም በአንድ አክስል ላይ ራዲያልና የድሮውን ዓይነት ጎማ ማደባለቅ ፈጽሞ አይገባም።

የማን ኃላፊነት ነው?

እኛ ወጣቶች በፊልም ያየነውን ሰፊና አጭር የውድድር ጎማ ስናደንቅ እንገኛለን። ማድነቁ አይከፋም። ነገር ግን ተወዳዳሪው ያንን ጎማ የመረጠው ስላማረው ሳይሆን የሚሮጥበትን መሬት አስቀድሞ ስላጠና ነው። ልንቀዳ የሚገባን ጥናቱን እንጂ ጎማውን አይደለም። እርሱ የሚሮጥበት ሜዳ አንድ ነው፤ ቢሳሳት የሚያጣው ሁለት ሰኮንድ ነው። ወደ ኮኪት የሚሄደው ወጣት ግን በአንድ ቀን ደጋውን፤ ቁልቁለቱን፤ ግለቱንና ጭቃውን ያገኛቸዋል።

ከዚህም በላይ በእንዲህ ያለ ከተማ የአንድ ሰው መኪና የአንድ ሰው ብቻ አይደለችም። በእኩለ ሌሊት ምጥ የያዛትን ሴት ገንዳ ውኃ ወዳለው ሆስፒታል ለማድረስ በሩ የሚንኳኳው የባለመኪናው ነው። ያን ጊዜ «ቆዩ፤ ነፋስ ልሙላ፤ ተጠባባቂው ጎማም አልተጠገነም» ማለት አይቻልም። «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» ይላልና የአገራችን ሰው፤ መታጠቁ አስቀድሞ ይሁን።

ስለዚህ ደመወዙን ቆጥቦ አሮጌ መኪና ለመግዛት ያሰበ ወጣት ገንዘቡን ሁሉ በመኪናው ላይ አይጨርስ፤ ለአራት ደህና ጎማና ለአንድ ተጠባባቂ የሚሆነውን ከወዲሁ ለይቶ ያስቀምጥ። ወደ ሱቅ ሲሄድም መሬቱን፤ ጭነቱንና የጎማውን የልደት ቀን ይጠይቅ። ዋጋውን ከሁሉ በኋላ ይጠይቅ።