የዳታ ሥራን በዝግጁ የሶፍትዌር ኮንቴይነር ማከናወን፦ ተገልጋዮች ሊያውቋቸው የሚገቡ ነጥቦች

አንድ የዳታ ማቀናበሪያ ፕሮግራም በተዘጋጀበት ኮምፒውተር ላይ በአግባቡ ሠርቶ ወደ ሌላ ሲዛወር የሚቆመው፣ ብዙውን ጊዜ የሚደገፍባቸው ሌሎች ሶፍትዌሮች በአዲሱ ኮምፒውተር ላይ ስላልተጫኑ ወይም እትማቸው ስለሚለያይ ነው። ኮንቴይነር ይህን ችግር የሚያቃልል አሠራር ነው። ፕሮግራሙ ከሚያስፈልጉት ፋይሎች ጋር በአንድነት ይታሸጋል፤ የታሸገው ጥቅል ኢሜጅ ሲባል፣ ኢሜጁ ሥራ ሲጀምር ደግሞ ኮንቴይነር ይባላል። ስያሜው የተወሰደው ከጭነት ኮንቴይነር ነው። የወደብ ክሬን በውስጡ ቡናም ይኑር ማሽን ሳይለይ እንደሚያነሣው ሁሉ፣ ሰርቨሩም የጥቅሉን ይዘት ሳይመረምር ያስኬደዋል። ዶከር የተሰኘው መሣሪያ እ.ኤ.አ. በ2013 ለሕዝብ ከቀረበ ወዲህ አሠራሩ በስፋት ተለምዷል።

ተመራማሪዎችና ጀማሪ ድርጅቶች በዚህ አሠራር ሲጠቀሙ ሌሎች አዘጋጅተው በይፋ ያስቀመጧቸውን ኢሜጆች ማውረድ ይችላሉ። ሆኖም የኢሜጁ ዝግጁ መሆን ተጠቃሚውን ከኃላፊነት ነጻ አያደርገውም።

በቅድሚያ የኢሜጁ ማንነት በትክክል ሊታወቅ ይገባል። "ሌተስት" የሚለው መለያ ስም ከአንድ ቋሚ እትም ጋር የተሳሰረ ባለመሆኑ ዛሬ የሚያመለክተው ጥቅል ከወራት በኋላ ሌላ ሊሆን ይችላል። ባለፈው ዓመት የወጣን ሪፖርት በዚሁ ስም ደግሞ ለማውጣት የሚሞክር ድርጅት የተለየ ውጤት ቢያገኝ የልዩነቱን ምክንያት ለኦዲተር ማስረዳት ይቸገራል። በመሆኑም ኢሜጁን ከይዘቱ በተሰላውና ዳይጀስት በሚባለው ባለ 64 ምልክት አሻራ መጥራት፣ አሻራውንም ከሪፖርቱ ጋር መዝግቦ ማስቀመጥ ይመከራል።

በኮንቴይነሩ ውስጥ ብቻ የተጻፈ ውጤት ኮንቴይነሩ ሲሰረዝ አብሮ ይጠፋል። ስለዚህ የሚነበበውም ሆነ የሚጻፈው ዳታ በሰርቨሩ ላይ ባለና ከኮንቴይነሩ ጋር በተገናኘ ፎልደር ውስጥ መቀመጥ አለበት። ጥሬው ዳታ የሚገኝበት ፎልደር ለንባብ ብቻ እንዲከፈት ማድረግም በስሕተት ከመሰረዝ ይታደገዋል።

ከሁሉም በላይ ጥንቃቄ የሚሻው የግል ዳታ ነው። ኢሜጅ የሚገነባው አንዱ በሌላው ላይ በሚደረቡ ንብርብሮች ነው። የደንበኞች ስምና ስልክ ቁጥር የያዘ ፋይል ወይም የይለፍ ቃል በአንዱ ንብርብር ከገባ በኋላ በሚቀጥለው ንብርብር ቢሰረዝ ከዕይታ ይሰወራል እንጂ ከጥቅሉ አይወጣም፤ ኢሜጁን ያወረደ ማንኛውም ሰው የታችኛውን ንብርብር ከፍቶ ሊያነበው ይችላል። እንዲህ ያለውን ኢሜጅ በይፋ ማከማቻ ማስቀመጥ ዳታውን ለዓለም ከመበተን አይለይም። የግል ዳታን የሚያቀናብር አካል በግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 መሠረት የዳታውን ደኅንነት የመጠበቅ ግዴታ አለበት። የይለፍ ቃል ለኮንቴይነሩ የሚሰጠው ሥራው ሲጀመር እንጂ ኢሜጁ ሲገነባ መሆን የለበትም።

በሀገራችን ዳታ ላይ በተለይ የሚያጋጥሙ ሁለት ጉዳዮችም አሉ። አብዛኞቹ ኢሜጆች የሚሠሩት በዓለም አቀፉ ሰዓት ሲሆን የኢትዮጵያ ሰዓት ከዚህ በ3 ሰዓት ይቀድማል። በዚህም ምክንያት ከሌሊቱ 6 ሰዓት እስከ 9 ሰዓት የተፈጸመ ግብይት በዋዜማው ቀን ሊደመር ይችላል። ስሕተቱን አስቸጋሪ የሚያደርገው ፕሮግራሙ አለመቆሙ ነው፤ ዕለታዊው ድምር ብቻ ይዛባል። የሰዓት ክልሉን አዲስ አበባ ብሎ መሰየምም ብቻውን በቂ አይደለም፤ አንዳንድ አነስተኛ ኢሜጆች የሰዓት ክልል ፋይሎችን ስለማይይዙ ስያሜውን ያለ ምንም ማስጠንቀቂያ ያልፉታል። እንዲሁም የግዕዝ ፊደል ቅርጾች በኢሜጁ ውስጥ ካልተጫኑ በፒዲኤፍ የሚወጣ የአማርኛ ሪፖርት በባዶ ሣጥኖች ይሞላል። ሁለቱንም በጥቂት የሙከራ መዝገቦች አስቀድሞ መፈተሽ ይቻላል፤ ከሙከራ መዝገቦቹ አንዱ ከሌሊቱ 7 ሰዓት የተመዘገበ፣ አንዱ ደግሞ በአማርኛ የተጻፈ ስም ያለው ቢሆን ይመረጣል።

ሥራው በመካከል ተቋርጦ 137 የሚል የመውጫ ቁጥር ቢታይ ፕሮግራሙ በኃይል እንዲቆም መደረጉን ያመለክታል። የተለመደው ምክንያት ለኮንቴይነሩ ከተፈቀደው በላይ ሜሞሪ መጠቀሙ ነው። ገደቡን ከፍ ከማድረግ በፊት ዳታውን በየወሩ ወይም በየወረዳው ከፋፍሎ ማስኬድ አብዛኛውን ጊዜ ችግሩን ይፈታል።